ይህን ለእትዬ ባየች ያንብቡላት

አሰበ ተፈሪ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለዓይናዲስ ገብሬ፣
ቤይሩት

ከባሕር ማዶ ሆነሽ የምታስቢንን አንቺን የአሰቦት ሥላሴ ከክፉ ይሰውሩሽ። እኛ ደህና ነን፤ ከሚስቴ ከባየች ምላስ በስተቀር የሚያመን የለም።

ይህን የምጽፍልሽ ልከስሽ ነው። ሃያ ዓመት በፍርድ ቤቱ በር ተቀምጬ ለአገሩ ሰው ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ ለራሴ አንዲት ክስ ጽፌ አላውቅም፤ አንቺ ግን አስገደድሽኝ። ክሱ በወረቀትሽ ላይ ነው። ያ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለ ወረቀትሽ የፊቱን በጀርባ፣ የጀርባውን በፊት ያሳያል። ባየች ፊደል እንደማትቆጥር ታውቂያለሽ፤ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ የማነብላት እኔ ነኝ። ባለፈው ጊዜ «መምህራችን» ከሚለው ጀርባ «ሞተ» የሚል አይቼ ደርቤ ባነብላት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ልታለቅስ ተነሣች። የሞተው ለካ የጎረቤትሽ ድመት ኖሯል። ስለዚህ ወፍራም ወረቀት እንድትገዢ፣ ባየችንም ስለ ባከነ እንባዋ ይቅርታ እንድትጠይቂ ይፈረድልኝ ዘንድ አመለክታለሁ።

ሌላ የረባ ወሬ የለም። በገለምሶ በኩል ቡናው ዘንድሮ ደህና ይዟል ይላሉ። አንድ የሚያስቅ ነገር ግን ልንገርሽ። ባለፈው ሰኞ ለአንድ የድንበር ከሳሽ ስጽፍ፣ «ለክቡር» ብዬ ሳልጨርስ ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። አነሣሁት፤ ደግሞ ወደቀ። ቀኝ እጄ የሌላ ሰው እጅ ሆነብኝ። ከሳሹን «አንሣልኝ» ልለው ብል ምላሴ ተሳሰረ፤ አፌም ወደ አንድ ወገን ሄደ። ሐሰን፣ ያ በመቻራ መንገድ ጭነት የሚመላለሰው ሾፌር ጓደኛዬ፣ አጠገቤ ነበር። በዳኛው የማሾፍ መስሎት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ እጄም አፌም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ማመልከቻውንም ጨረስሁ። ምች ነው ተባለ፤ ባየች ዳማከሴ አሽታ አጠጣችኝ፣ አለቀ።

የሚወድሽ አጎትሽ
አምባው

—

ቤይሩት፣ ኅዳር 4 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ አምባው፣

እርስዎንና እትዬ ባየችን በጤና ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የነርስነቱ ትምህርት ሁለት ዓመት ቀረው፤ ቀኑን ሙሉ ስቆም እግሬ ያብጣል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

ክስዎ ተገቢ ነው፤ ይኸው ወፍራም ወረቀት ገዛሁ። ስለ ብዕሩ የጻፉትን ግን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴም አልሳቅኩም።

ጋሼ፣ ያ ምች አይደለም። ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ እንደገና ተከፍቶ ነው። ሲከፈት እጅም አፍም ይመለሳል፤ ስለተመለሰም ሰው የዳነ ይመስለዋል። በምሠራበት ክፍል አሥራ አራት አልጋ አለ። የሚበዙት ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዛቸው ሰዎች ናቸው። መናገር የሚችሉትን ስጠይቃቸው፣ «ከወር በፊት ዕቃ ከእጄ ወድቆ ነበር፤ ግን ተወኝ» ይሉኛል። ይህን «ተወኝ» የሚለውን ቃል ፈርቼዋለሁ።

ስለዚህ እለምንዎታለሁ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሽፈራው ዘንድ ሄደው ደም ብዛትዎን ይለካዎት፤ ቁጥሩንም ይጻፉልኝ። ሲጋራውንና አረቄውን ይተዉ። ከሐሰን ጋር መቃሙ ይቅርብዎት፤ ልብን ያስጋልባል፣ ደሙንም ከፍ ያደርገዋል። በየቀኑ ላብ እስኪልዎት በእግርዎ ይሂዱ። እጅዎ ወይም አፍዎ ዳግመኛ ከከዳዎት ደግሞ፣ ቢመለስም ባይመለስም፣ በዚያው ሰዓት ወደ ሽፈራው ይሂዱ።

የሚከተለውን ለእትዬ ባየች ያንብቡላት።

እትዬ፣ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ለጋሼ ሐኪም ነዎት። በወጡ ውስጥ ጨው ይቀንሱ፤ ቢቻል የእሳቸውን ለብቻ ያለ ጨው ይሥሩላቸው። ሆጃውንም ወተትና የቡናው ገለፈት ይብቃው፤ ጨው አይጨምሩበት። ቅቤና ጮማ ያሳንሱባቸው። ቢቆጡም አይስሟቸው።

ልጅዎ
ዓይናዲስ

—

አሰበ ተፈሪ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1956 ዓ.ም.

መንግሥት ሳይሾማት ራሷን ለሾመችው ለሐኪም ዓይናዲስ፣

ለእኛ ያሰብሽውን ያህል ፈጣሪ ለአንቺ ያስብልሽ።

ትእዛዝሽን ተቀብዬ ሽፈራው ዘንድ ሄድሁ። ክንዴን በጨርቅ ጠምጥሞ እንደ መኪና ጎማ ነፋኝ። ከዚያ፣ «ሁለት መቶ አሥር» አለ። «በኪሎ ነው በፈረሱላ?» ብለው አልሳቀም። ይህ ልጅ ከጎጃም ተመድቦ ሲመጣ ሳቁን ዓባይ ማዶ ጥሎት ነው የመጣው። ያንቺን ቃል ሁሉ ደገመልኝ፤ በደብዳቤ የምትማከሩ መሰለኝ።

ሲጋራውን ትቻለሁ፤ እኔ የምገዛውን ማለቴ ነው። ሐሰን የሚሰጠኝ የሐሰን ነው። ስለ ጫቱ ለሐሰን ብነግረው፣ «አንተ ሳትቅም የሚወጣው ጨዋታ የለቅሶ ቤት ነው» ብሎ አኮረፈ፤ ወዳጅ ማስቀየም ደግሞ ለልብ ጥሩ አይደለም። በእግሬ ግን እሄዳለሁ። ፍርድ ቤት ድረስ።

ለባየች የጻፍሽውን አነበብሁላት። እጅግ ደስ አላት። «ይህች ልጅ አጎቷን ለካ እንዲህ ትወዳለች» ብላ መረቀችሽ። ከዚያ ቀን ወዲህ የቤታችን ወጥ ሠፈሩን ያስቀናል።

አንቺ አትስጊ። የእኛ ዘር አጥንቱ ብርቱ ነው።

አጎትሽ አምባው

—

ቤይሩት፣ ጥር 4 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለጋሼ አምባው፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰዎት። ሁለት መቶ አሥር የሚለውን ሳነብ የምሄድበት ጠፍቶኝ ቁጭ አልኩ። በማግሥቱ የክፍላችንን ሐኪም አማከርኩ። ክኒን አዘዘልኝ፤ ወደ አገሩ በሚገባ ተማሪ እጅ ልኬዋለሁ። ዘጠና ነው፣ የሦስት ወር። መጀመሪያ ለሽፈራው ያሳዩት። ከዚያ በየቀኑ አንድ፤ ራስዎን ሲያምዎት ብቻ ሳይሆን፣ ደህና ነኝ ባሉበትም ቀን አንድ።

አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል። ያለ ጨው የተሠራ ወጥ ሠፈር የሚያስቀናው እንዴት ነው?

ይህን ለእትዬ ባየች ያንብቡላት። እትዬ፣ ክኒኑን እርስዎ ያስቀምጡት። ጠዋት ጠዋት አንድ በእጃቸው ሰጥተው ሲውጡ ይዩ።

ዓይናዲስ

—

አሰበ ተፈሪ፣ መጋቢት 21 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለዓይናዲስ፣

የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምሽ። በመዘግየቴ አትቆጪ፤ ሁዳዴ ነው፣ የተራበ ሰው ብዕር ይከብደዋል።

ክኒኑ በደህና ደረሰ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳላጓድል ዋጥሁ። ሽፈራው ነፍቶ ቢያየኝ መቶ አምሳ ሆኛለሁ። «ይቀጥሉበት» አለኝ። የደረቀ ልብስ ዳግመኛ የሚያሰጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ደግሞ ጾሙ ገባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይገባበት አፍ ክኒን ይግባበት?

የቀረውን ይዤ ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር ሆነብኝ። ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር ጎረቤት ሳይቀምሰው የሚያልቀው የማን ቤት ነው? ለሐሰን ለወገቡ አሥር ሰጠሁት። ለፍርድ ቤቱ ዘበኛ ለጉልበቱ አሥር። ጎረቤታችን ዘይቱና ለራስ ምታቷ ወስዳ እስካሁን ትመርቅሻለች። የንስሐ አባቴም ጥቂት ተቀብለው ለፋሲካ አስቀምጠዋል። ስምሽ በከተማው ተነሥቷል፤ ከገለምሶ ድረስ ጠይቆ የመጣ አለ። ለእኔ ጥቂት አስቀርቻለሁ፤ ራሴን ከበድ ሲለኝ አንዷን ጣል አደርጋለሁ።

ባየች ደህና ናት። ቃልሽን ሁሉ ታከብራለች።

አጎትሽ አምባው

—

ቤይሩት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1956 ዓ.ም.

ጋሼ፣

በዚህ ደብዳቤ ምርቃት አላስቀደምኩም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ቁጥሩ የወረደው ክኒኑ ስለያዘው ነው። መቀርቀሪያ ያለው በር ዝግ ነው፤ ሌባው ግን አልሄደም፣ ደጅ ቆሟል። እርስዎ መቀርቀሪያውን ነቅለው ለጎረቤት አከፋፈሉት። ለሌሎቹም መርዝ ሊሆንባቸው ይችላል፤ እባክዎን ይመልሱት።

አሁን ጽፌልዎት የማላውቀውን ልጻፍ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ መቻራ፣ አባቴ ቡና በሚመዝንበት ደጃፍ። የሚዛኑ ድንጋይ ከእጁ ወደቀ። «እጄ ተኛብኝ» ሲል ቃሉ ተንተባተበ። ሳይመሽ ተወው። በአርባኛው ቀን እዚያው ሚዛኑ ሥር ወድቆ አልተነሣም። ምች መታው አሉ፤ የሰው ዓይን ነው ያሉም ነበሩ። እኔ እዚህ አንደኛ ዓመት ሳለሁ መምህራችን ስለዚህ በሽታ ሲያስተምሩ ከክፍል ወጥቼ አለቀስኩ። አባቴን የገደለው ምን እንደሆነ ያወቅኩት በሰው አገር ቋንቋ ነው።

በእነዚያ አርባ ቀናት ውስጥ አባቴ አሰበ ተፈሪ እርስዎ ዘንድ መጥቶ ነበር። ነግሮዎት ነበር? ጠይቄዎት አላውቅም። አሁን እጠይቃለሁ።

ይህን ለእትዬ ባየች እያንዳንዷን ቃል ያንብቡላት። እትዬ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ጨዉን ከወጡም ከሆጃውም ያውጡት። ከፋሲካ በኋላ ጮማና አረቄ በደጅዎ አይለፍ። ጋሼም ክኒኑን ከእርስዎ እጅ ብቻ ይውሰዱ።

ዓይናዲስ

—

ቤይሩት፣ ሰኔ 20 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለጋሼ አምባውና ለእትዬ ባየች፣

ከሚያዝያ ወዲህ ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። መልስ የለም። ተቆጥቼ ስለጻፍኩ ተቀይመውኝ ከሆነ ቅያሜዎን እንኳ ይጻፉልኝ።

እትዬ፣ ይህን የሚያነብልዎት ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ቃል ያስጽፉልኝ።

ዓይናዲስ

—

አሰበ ተፈሪ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1956 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓይናዲስ፣

ያቆየን አምላክ አንቺንም ያቆይሽ። ይህ ዶሮ የጫረችው አይደለም፤ የአጎትሽ የግራ እጅ ጽሕፈት ነው። በቀን ጥቂት መስመር እጽፋለሁ፤ ከጀመርሁት ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ሽፈራው «እኔ ልጻፍላት» ቢል ራሴን ነቅንቄ ከለከልሁት። ፈተናሽ እስኪያልፍ ብዬ ነው። ይህም ግማሹ እውነት ነው።

ከፋሲካ በኋላ የሁለት ወሩን ጾም በአንድ ሳምንት ልክስ ብዬ በላሁ፣ ጠጣሁም። በዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት፣ ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ እጄ ሄደ። ከወንበሬም ወደቅሁ። ያዩት ሰዎች መጀመሪያ ሳቁ። አልፈርድባቸውም፤ ያስለመድኋቸው እኔ ነኝ። መሬት ላይ ሆኜ እጄ እስኪመለስ ጠበቅሁ። ግማሽ ሰዓት ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ሐሰን ነው ሳቁን ቀድሞ ያቆመው፤ ተሸክሞ ሽፈራው ዘንድ አደረሰኝ።

የተቆጣሽበት ደብዳቤ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። እኔ ተኝቻለሁ፤ ከአፌ የሚወጣው ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም። ስለዚህ ባየች ለሽፈራው ሰጠችውና አነበበላት። ጨው የሚለው ላይ ሲደርስ አስቆመችው። «እንደገና በለው» አለች። ደገመው። ተነሥታ ሣጥኗን ከፈተችና የዓመቱን ደብዳቤ ሁሉ አወጣች። እሱ ያነባል፣ እሷ ቆማ ትሰማለች፣ እኔም ተኝቼ እሰማለሁ።

ከሽፈራው ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። አንቺ «ጨው ይቀንሱ» ያልሽውን እኔ «ጨው አይንሷቸው፣ ቅቤም ለአንጎል መድኃኒት ነው፣ ሆጃውን ደህና አድርገው ያጣፍጡላቸው» ብዬ ነው ያነበብሁላት። ክኒኑን እሷ ትያዘው ያልሽውን ዘለልሁት። ለእኔ ጨዋታ ነበር። እሷ ግን ያንቺ ቃል ነው ብላ ቅቤውን ከራሷ ወጥ እየቀነሰች በእኔ ላይ ትጨምረው ነበር። ሽፈራው አንብቦ ሲጨርስ ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም። ደብዳቤዎቹን አጣጥፋ እየመለሰች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ስድስት ወር በገዛ እጄ ነው ያበላሁት» አለች። ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር አንሥታው አታውቅም። በጨዋታዬ ሁሉ ዕድሜ ልኳን የሰደበችኝ ሴት ዝም ብላኛለች።

ስለ አሁኑ ልጻፍልሽ። ወጤ ጨው የለበትም፤ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ታደርግበታለች። ሲጋራ የሐሰንም የእኔም ቀርቷል። አረቄም ጫትም የለም። ሐሰን ውኃ ይዞ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል፤ እውነትም ጨዋታው የለቅሶ ቤት ነው። ክኒኑን ሽፈራው ቤት ለቤት ዞሮ ሃያ ያህል ሰበሰበ፤ ሌላም ከድሬዳዋ አስመጣልኝ። በየቀኑ ከባየች እጅ እውጣለሁ። ትናንት መቶ ስድሳ ነበርሁ። ሽፈራው የጻፈውን ቁራጭ ወረቀት ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ፤ የእኔን ቃል ብቻ አትመኚ።

እግሬ ይጎተታል እንጂ ይሄዳል። ባየች ክንዴን ይዛ ከጓዳው እስከ አጥሩ ሃያ ጊዜ ታመላልሰኛለች። ከአጥሩ ውጭ ግን አልወጣሁም። ምላሴ ተፈትቷል፤ አፌ ግን እንደ ተጣመመ ቀርቷል፤ ምራቄም ሳላውቀው ይወርዳል። በዚህ ከተማ እኔን ሲያይ ሰው ፊቱ ይፈታ ነበር። አሁን ዓይኑን የሚሰብርበት ሆኜ ገበያ መካከል መቆም አልቻልሁም። ሽፈራው «ይውጡ፣ ይጠቅምዎታል» ይለኛል። እምቢ ብያለሁ። በዚህ ብቻ አልታዘዝሁም።

አባትሽ ነግሮኝ ነበር ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

ነግሮኛል። ከመቻራ የመጣው ለዚሁ ነበር። በሰው መካከል ተቀምጬ ሳለሁ፣ «አምባው፣ እጄ ከዳኝ፣ አፌም ተሳስሮ ነበር» አለኝ። «ስንት ብርሌ ላይ ሆነህ?» አልሁት። አፌን አጣምሜ እሱን መሰልሁ። ሰው ሳቀ፤ ገብሬም ሳቀ። ሐኪም ቤት እንድወስደው ሊጠይቀኝ እንደ መጣ የገባኝ ከቀበርነው በኋላ ነው። ሆኖም ምች ነው ሲሉ እኔም ምች ነው አልሁ። ምች ከሆነ ማንም ምንም አያደርግለትም ነበር።

አንቺ በኅዳር «ምች አይደለም» ብለሽ ስትጽፊ የገባኝ ስለ እኔ እጅ አይደለም፤ ስለ እሱ ነው። ምች ካልሆነ ወንድሜን በሳቅ ሸኝቼዋለሁ ማለት ነው። ስለዚህ የራሴንም ምች አልሁት፤ ክኒንሽን በተንሁት፣ ቃልሽን ገልብጬ አነበብሁት። ያንቺን ሐሳብ እውነት ላለማድረግ ነበር። ይህን ለባየች ገና አልነገርኋት። ይቅርታም አልጠይቅሽም፤ ይቅርታ የምትነፍጊኝ ስላልሆንሽ መጠየቁ ቀላል

በር ተመታ።

ይህን የምጨምረው ሐሰን ጭነቱን አራግፎ መኪናውን እስኪያዞር ነው። የገባችው ሀሊማ የምትባል ሴት ናት፤ ከመቻራ በሐሰን ጭነት ላይ ተቀምጣ መጣች። አላውቃትም፤ ስለ እኔ የነገራት ሐሰን ነው። አማርኛዋ ጥቂት ነው። ባሏ ትናንት ሲኮተኩት ዶማው ከእጁ ወድቆ አፉ ተጣመመ አለች። አሁን ድኗል፤ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትለው ይስቃል። ክኒን ፈልጋ የመጣች መስሎኝ «የለኝም» ልላት ስል እጇን አወዛወዘች።

«ክኒን አልፈልግም» አለች። «አንተ ና። ፊትህን ይየው።»

ከታመምሁ ወዲህ ፊቴን ቀጥ ብሎ ያየ ሰው እሷ ናት። ሽፈራውን ከነመለኪያው በመንገድ እንጭነዋለን። ባየች ተነሣች። ጫማዬን ይዛ መጥታ እግሬ ሥር ተንበረከከች፤ እያሰረችልኝ ነው